የረጨው ሰው አልታወቀም

ሙታኖቻችንን ለምናስብበት ለሙታን ፋሲካ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጉርጦቼን ልቆጥር ወደ መንደራችን መካነ መቃብር ስገባ በሩ ላይ ከባዴ ፓንቴሌይ ጋር ተገጣጠምኩ። የመቃብሩ ጠባቂ እሳቸው ናቸው፤ «ባዴ» የምንለው ታላቅ ወንድን፣ «ሌሌ» የምንለው ታላቅ ሴትን ስናከብር ነው። ጀርባቸው ላይ ሰማያዊውን መርጫ አዝለዋል። እኛ ሞልዶቫዎች ለዚህ በዓል መቃብር እናጸዳለን፤ ማጽዳት የምንለውም አንዲት ሣር ሳትቀር በፀረ አረም ማድረቅን ነው።

እኔ ደግሞ ፀረ አረም በዱር እንስሳት ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አጠናለሁ። አካባቢው ሁሉ የሱፍ አበባ እርሻ በመሆኑ፣ ያልታረሰ መሬት የቀረው መቃብሩ ብቻ ነው። ጉርጦቹም ሙታኑን ተጠግተው ይኖራሉ።

«ባዴ ፓንቴሌይ፣ እንደምን አደሩ? ዘንድሮ ባይረጩስ?»

«እንደምን አደርክ ዶክተር። ካልረጨሁማ ሌሌ ፌቭሮኒያ የባሏ መቃብር ላይ ሣር ባየች ቁጥር ስሜን በየአጥሩ ታዞረዋለች። አንተ ከተማህ ትገባለህ፣ ከእሷ ጋር የምቀረው እኔ ነኝ።»

«ሦስት ዓመት ስቆጥራቸው የተረፉት ጉርጦች ዛሬ ያልቃሉ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ጉርጥ ስትቆጥር? እናትህ እኮ ልጄ ሐኪም ይሆናል ስትል ነበር።»

«የጉርጥም ቢሆን ሐኪም ነኝ።»

«እሺ፣ በሽተኞችህን ምን አመማቸው?»

«ጉርጥ ውሃ በአፏ አትጠጣም። እርጥብ መሬት ላይ ሆዷን ለጥፋ በቆዳዋ ትመጠዋለች። እርስዎ የረጩትም አብሮ ይገባል። ብትተርፍ እንኳ ትደነዝዛለች፤ ልጆቿም እግራቸው ተጣሞ ይወጣል።»

«ሻጩ ከሣር ሌላ ምንም አይነካም ብሎኛል።»

«ሻጩ ጉርጧን አልጠየቃትም። ደግሞስ በበዓሉ ቀን ጨርቅ አንጥፈን የምንበላው እዚሁ መቃብር ላይ አይደል? ለሟች ነፍስ ብለው ለጎረቤት ልጅ የሰጡት ቀይ የተቀባ የፋሲካ እንቁላል ከእጁ ቢያመልጠው፣ ከዚያው ከተረጨው አፈር ላይ አንስቶ ነው የሚበላው።»

ያሸነፍኩ መሰለኝ፤ የተማረ ሰው ሲያሸንፍ ፊቱ ላይ የሚመጣው ነገር እኔም ፊት ላይ ሳይመጣ አልቀረም።

ባዴ ፓንቴሌይ መርጫውን ቀስ ብለው አወረዱ። «አምና በስልክ ምን ነበር ያልከኝ?»

ዓይኔን ወደ መርጫው መለስኩ።

«‹የእናቴንም መቃብር እንዳይረሱ። ራሰ በራ ያድርጉልኝ፣ ሰው ፊት እንዳላፍር› አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ያን ጊዜ ይህን አታውቅም ነበር?»

«ዐውቅ ነበር።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የአየሩን ሁኔታ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የጠየቁኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አምና ያን ስልክ ከመደወሌ በፊት ሌሌ ፌቭሮኒያ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አግኝተውኝ፣ «ይሄን ያህል የተማረ ልጅ እያላት እናትህ አረም ውስጥ ተኝታለች» አሉኝ። የሁለት ዓመት ጥናቴን ያቺ አንድ ቃላቸው አሸነፈችው።

የባሰውን ግን ባዴ ፓንቴሌይ አያውቁትም ነበር። ነገርኳቸው። መቃብሩን በመዝገቤ ላይ አሥራ ሁለት ቦታ ከፍዬዋለሁ፤ ሰባተኛው የእናቴ መቃብር ያለበት ነው። አምና ከሁሉም ይልቅ ብዙ ጉርጥ ሞቶ ያገኘሁት እዚያ ነው። «ማን ረጨው?» በሚለው ዓምድ ሥር በገዛ እጄ «የረጨው ሰው አልታወቀም» ብዬ ጽፌያለሁ።

«እንዴት አልታወቀም? እኔ ነኝ የረጨሁት።»

«ያስረጨሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ዛሬ እኔን ልትመክር መጣህ?»

«ማጭድ ያውሱኝ» አልኩ።

ረጅሙን የሣር ማጭድ ከጎጇቸው አመጡልኝ። እናቴ መቃብር ላይ ታገልኩ። ጥቂት አይተውኝ፣ «ሣሩን እየደበደብከው ነው፤ አጨዳ እንዲህ አይደለም» ብለው ቀሙኝ። ሁለት ጊዜ እንደሰነዘሩ ከሥሩ አንዲት ጉርጥ ወጣች፤ ጠል የያዘው አፈር ላይም ሆዷን ለጠፈች።

«አሁን እየጠጣች ነው?»

«አዎ።»

ማጭዱን ከአጠገቧ አርቀው ወደ መርጫው ዞሩ። «መርጫው ውስጥ ያለውንስ ምን ላድርገው?»

«መሬት ላይ አይድፉት፤ የሚያስወግዱት ሰዎች ጋ እኔ እወስደዋለሁ።»

«ለፌቭሮኒያ የምትነግራት ግን አንተ ነህ። የጉርጧን ትምህርት አይደለም፤ የስልኩን።»

በበዓሉ ቀን፣ ሰው ሁሉ ዳቦና ወይኑን ይዞ በተሰበሰበበት፣ ነገርኳቸው። ሌሌ ፌቭሮኒያ ሁለታችን በሁለት ቀን ያጨድነውን ሣር አዩ፣ እኔን አዩ።

«እያወቅህ ነው መርዝ ላይ ተቀምጠን ስንበላ ያየኸን?»

«እያወቅሁ ነው።»

ጨርቃቸውን ሣሩ ላይ አንጥፈው ከእኔ ወዲያ ዞረው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት በዓል አልፏል። መቃብራችን በዓመት ሦስት ጊዜ በማጭድ ይታጨዳል። ሥሩ አፈሩን ስለያዘው ከዝናብ በኋላ መስቀሎቹ አይዘሙም፤ ድርቆሹን የባዴ ፓንቴሌይ ፍየሎች ይበሉታል፤ ጉርጦቹ በየጓሮው እየዞሩ ጎመናችንን ከሚበላው ተባይ ይገላግሉናል፤ ልጆችም የወደቀባቸውን እንቁላል አንስተው ቢበሉ እናቶቻቸው አይደነግጡም። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው ማጭድና፣ ሰው ምን ይለኛል ማለትን መተው ነበር። ማጭዱ ቀላል ነው።

መዝገቡን ያስተካከልኩት ለሌሌ ፌቭሮኒያ በነገርኩበት በዚያው በዓል ማታ፣ ባዴ ፓንቴሌይ ቤት ተቀምጬ ነው። የቀድሞውን ሰረዝኩና «ያስረጨው ልጇ ነው፣ እያወቀ» ብዬ ጻፍኩ። አንብብልኝ አሉኝ፤ አነበብኩላቸው።

«እኔንም ጻፈኝ» አሉ።