ሞተሩ የሚገባው ኔቫ ቦታ ላይ ነው

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር አለቃችን ግሬዲ፣ እንዲሁም ክብር የማይገባችሁ የቀለም ክፍል ሰዎች፤

ሥራችሁን አቁማችሁ፣ መኪና ማንሻው ላይ ሪባን አስራችሁ፣ ኬክ ገዝታችሁ ስለሸኛችሁኝ አመሰግናለሁ። ኬኩ ላይ «ኦፓል» የሚለው ስሜ በትክክል ተጽፏል፤ አንብቤዋለሁ። ማንበብ የተማርኩት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ይህንንም ንግግር በራሴ እጅ ስለጻፍኩት እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላችሁ ትሰሙታላችሁ። ክሊተስ፣ አንተን ነው፤ በሩን አትይ።

ከኬንታኪ ተራሮች ወርጄ ዴይተን ከገባሁ ጀምሮ እዚህ ጋራዥ የሰው መኪና ወንበር ስሰፋ ኖርኩ። ስንት የኋላ ወንበር ሰፋሁ? እኔ አላውቅም። የማውቀው የራሴ መኪና የኋላ ወንበር አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አለማወቁን ነው።

አረንጓዴዋን መኪናዬን ታውቋታላችሁ። ባለጡንቻ የሚሏት ዓይነት ነች፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ ስትነሳ የጎረቤት መስኮት የምታንቀጠቅጥ። ለመሮጥ ነው የተሠራችው። እኔ ግን ምን አደረግኩባት? እህቴን ኔቫን ወደ ፀጉር ቤት፣ የኔቫን ጓደኞች ወደ ቢንጎ፣ የኔቫን ባል ቨርጅልን ወደ ጥርስ ሐኪም። ቨርጅል ፊት ተቀምጦ «ቀስ! ቀስ! ቀይ በራ!» ይለኛል። መብራቱ አረንጓዴ ነው እኮ! ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች «አንቺስ የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ያለኝ አለ? የለም።

ስለዚህ ባለፈው የበረዶ ወራት ለጡረታዬ የምፈልገውን ወሰንኩ። ሞተሩን ከፊት አውጥቼ መሃል ላይ፣ ከጀርባዬ፣ የኋላ ወንበሩ ያለበት ቦታ ላስገባው። ክብደቱ መሃል ሲሆን መኪና እንደ ድመት ይታጠፋል የምትሉት እናንተው ናችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መታጠፉ ለእኔ ምርቃት ነው። ዋናው ነገር ኔቫ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ የጋለ ብረት መኖሩ ነው!

ለግሬዲ ነገርኩት። መልሱን መንገደኛ ሁሉ ሰምቶታል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይቺ መኪና አንድ ብሎን አልተነካባትም! ፋብሪካ እንዳወጣት ነች! ወለሏን ብታስቆርጪ ሲኦል ትገቢያለሽ!»

«እገባለሁ» አልኩት፤ «ሰው ጭኜ ግን አልገባም።»

«እዚህ ጋራዥ ውስጥ ሞተር መሃል የሚገባበት መኪና ሁለተኛ አይሠራም። አለቀ!»

ለምን እንደዚያ እንዳለ አዲሶቹ አታውቁም። ከዓመታት በፊት ግሬዲ አንድ መኪና እንዲህ ቀይሮ ነበር። ሞተሯ ኋላ ካለ ሌላ መኪና የማርሽ ሳጥኑን፣ ካምቢዮውን፣ ወስዶ አዙሮ ገጠመው። ካምቢዮው ሲዞር ጎማውም በተቃራኒው እንደሚዞር ረሳው። በትርኢቱ ቀን፣ ሕዝብ ፊት፣ ነዳጅ ቢሰጠው መኪናው ወደ ኋላ ተፈተለከና የሆት ዶግ መሸጫ ድንኳኑን ከነሰናፍጩ ይዞት ሄደ። ብዙ የኋላ ማርሽ፣ አንድ የፊት ማርሽ! እስከ ዛሬ ሰናፍጭ ሲያይ ፊቱ ይቀላል።

ታዲያ ግሬዲ እምቢ ካለ ማን ይቆርጥልኛል? መኪናዬን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም። ካልተቆረጠች ደግሞ ጡረታዬ የቨርጅል ጥርስ ነው።

እኔና ክሊተስ ግን በምሳ ሰዓት ማቀዳችንን አላቆምንም። ክሊተስ ሞተሩን በልኩ ከነጭ ፎም ጠርቦ ሠራው። የኋላ ወንበሩን አውጥተን አስገባነው። ልክክ አለ! እንደዚያው እንዳለ ቤቴ ነዳኋት። እሑድ ጠዋት ቨርጅል እንደ ልማዱ ፊት ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። ኔቫ ቦርሳዋን ይዛ መጥታ ወደ ኋላ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሞተር።»

«እኔስ የት ልቀመጥ?»

«የትም።»

«ኦፓል፣ አብደሻል እንዴ?»

«ገና ነኝ። ወለሉ ሲቆረጥ ነው የማብደው።»

ኔቫ ባሏን አየችው። «ውረድ» አለችው። ወረደ! ያን ያህል ዘመን ስትጫን ኖራ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ተቀመጠች። ትንሽ እንደሄድን «መንገዱ እንዲህ ሰፊ ነው እንዴ?» አለች። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነከስኩ።

ባለፈው ሐሙስ ግሬዲ ሊያሾፍብን ሳንድዊቹን ይዞ መጣ። ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን ንድፍ አየና ማኘኩን አቆመ።

«ካምቢዮውን ማነው የሳለው?»

«እኔ» አለ ክሊተስ።

«አዙረኸዋል። ውስጡ ያለውን ትልቁን ባለጥርስ ብረት ግን ወደ ሌላው ጎን አላዛወርከውም።»

እኔና ክሊተስ ወደ ንድፉ ተጠጋን።

«ክሊተስ፣ ይቺ ሴትዮ ወደ ኋላ ልትበር ነው እኮ!»

ግሬዲ ሳቀ። ሳቀ፣ ሳቀና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሲነሳ እርሳሱን ከጆሮዬ ላይ መንጭቆ ንድፉን አስተካከለው። ከዚያማ ማን ያቁመው? «የነዳጅ ታንከሩ እዚህ አይሆንም! ራዲያተሩ ፊት ይቅር! አየር በየት ሊገባ ነው?» እያለ ጋራዡን እስክንዘጋ ድረስ ሲስል ዋለ። ሳንድዊቹን የጋራዡ ውሻ በላው። ክሊተስ «አውቄ ነው የተሳሳትኩት፤ ላጠምደው ብዬ ነው» እያለ ይምላል። ውሸቱን ነው፤ ፊቱን አይቼዋለሁ።

ግን ግሬዲ እስካሁን እሺ አላለም። ግሬዲ፣ ሕዝብ ፊት ልጠይቅህ። ትቆርጣለህ ወይስ አትቆርጥም?

ምን አልክ? ጮክ በል፤ ጆሮዬን በመዶሻ ያደነቆራችሁት እናንተው ናችሁ።

ሰማችሁት? «ሰኞ በጠዋት አምጪያት» ነው ያለው! አጨብጭቡ እንጂ!

እንግዲህ ሰኞ ስመጣ ሠራተኛ አይደለሁም፤ ደንበኛ ነኝ። ወንበር ታቀርቡልኛላችሁ። እነጫነጫለሁ። ብየዳው ጠማማ ነው እላለሁ፣ «ለምን ዘገየ?» እላለሁ። ይህን ቀን ስንት ዘመን ጠብቄዋለሁ መሰላችሁ!

ከጎኔ አንድ መቀመጫ ይቀራል። እሱን ማንም እንዳይለምነኝ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ጫንኩ፤ ሁሉንም ታዝዤ ነው። ጋብዤ አላውቅም። ደስ ሲለኝ፣ ደስ ያለኝን ሰው፣ ደጁ ድረስ ሄጄ ጡሩምባ እነፋለሁ። ኔቫም ብትሆን ቁጭ ብላ ትጠብቅ።

እጃችሁን ከስለት፣ ዓይናችሁን ከብልጭታ ይጠብቅላችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ፤ ጀርባችሁ አይጉበጥ። ጡረታ የምትወጡበት ቀን ሲደርስ፣ ምን እንደምትፈልጉ የሚጠይቃችሁ ሰው አይጥፋ። ከጠፋም ሳትጠየቁ ተናገሩት፤ ጮክ ብላችሁ።

ደህና ሁኑልኝ።