በረኛው ሳይከፍተው ድንበር አይሻገርም

ሲስተር፣ ዛሬ ልንሸኝዎት ተሰብስበናል፤ የመጡ ዕለት ግን ከበር ልመልስዎት የሞከርኩት እኔ በረኛው ነኝ። ዘንቢል ሙሉ አሮጌ ስልክ ይዘው ሲመጡ፣ “እህቴ፣ እዚህ ግቢ መነገድ ክልክል ነው” አልኩ። እርስዎም ሳይቀየሙ አንዱን አውጥተው፣ “እስቲ ክፈትልኝ” አሉኝ። ላብ አጠመቀኝ እንጂ አልተከፈተም። “እንዳንተ ያለ ሰው ነበር የምፈልገው” ብለውኝ ገቡ። ሙገሳ መስሎኝ ማታ ለሚስቴ ነግሬያታለሁ።

ከዚያ ወዲህ፣ እንደምታውቁት፣ ለስልክ የተሠራውን ሁሉ ሲስተር አስቀድመው በእኔ ስለሚያስሞክሩ ስሜ “አቶ አልገባኝም” ሆኖ ቀረ። የኮምፒውተር ልጆቻችን፣ ድንበር የተሻገረ በሽተኛ የሕክምና ታሪኩ በስልኩ እንዲከተለው፣ ማዶ ያለውም ሐኪም እንዲያነጋግረው ሲለፉ ይከርማሉ። ሥራ አስኪያጁ “ፕሮግራሙ ዛሬ ይላክ” ይላሉ። ሲስተር ግን “በረኛው ሳይከፍተው ድንበር አይሻገርም” ብለው ድርቅ! አንዴ ልጆቹ ሐኪም መጥሪያውን በልብ ሥዕል አደረጉት። እኔ አልነካም አልኩ። ለምን ቢሉኝ፣ “በስተርጅና ለማን ነው ፍቅር የምልከው?” አልኳቸው። ልቡ ተነሥቶ በምትኩ ባለ ነጭ ጋውን ሰው ገባ።

እሺ ብል እንኳ ሲስተር አይለቁኝም። “ገብቶህ ነው ወይስ እንዳይከፋኝ?” ይህችን ጥያቄ ያልቀመሰ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ይኸው ሥራ አስኪያጁም አንገታቸውን ደፍተው እየሳቁ ነው።

አሁን ደግሞ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ያለውን ልናገር። ባለቤቴ ማዶ፣ ልጃችን ዘንድ ሳለች ታመመች። ሐኪሟ በዚሁ በእኛው ስልክ አነጋገረኝ። እኔም እሺ፣ እሺ አልኩ። ከነገረኝ ሁሉ የያዝኩት “ዛሬ ሕመሟ ጋብ ብሏል” ያለውን ብቻ ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ ሄጄ አያታለሁ ብዬ አሰብኩ። ሲስተር ከጎኔ ቆመው ነበርና፣ “ዶክተር፣ አልገባውም። እባክዎ እንደገና ይንገሩት” አሉ።

ያኔ ገባኝ። በማግስቱ ተሳፈርኩ፤ ደረስኩም። እጇን ይዤ አብረን ጸለይን። ፈጣሪ የጠራት ሳምንቱ ሳያልቅ ነው። መጀመሪያ ለምን እንዳልሰማሁ ራሴን ብዙ ጠይቄያለሁ፤ መስማቱን ፈርቼ ይመስለኛል። ለፈራ ሰው አምላክ ደግሞ የሚጠይቅለት ሰው ያቆምለታል። ሲስተር፣ ያቺን የመጨረሻ ጸሎት የሰጡኝ እርስዎ ነዎት።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ። ሲስተር፣ ዕድሜና ጤና አይለይዎት። የልጅ ልጆችዎ አዲስ ስልክ ሲያስተምሩዎት እንደኔ ላብ አያጥምቅዎት። በሩም ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ዘንቢል ቢይዙም አልከለክልም። በጣም እንወድዎታለን።

ራስዎን በእሺታ ሲነቀንቁ አየሁ። ገብቶዎት ነው ወይስ እንዳይከፋን?