ሰላምታ የማትወድ በሽተኛ

ከሚኤሶ ወደ ጭሮ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት የነርስ ተማሪና አንዲት እናት ሲያወሩ ሰማሁ።

«ኮምፒውተር ውስጥ ባለች በሽተኛ ነው የፈተኑን፣ እማማ። ሲያናግሯት ፊቷ ይለዋወጣል። ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች።»

«ሥዕል ሰው ይቆጣል?»

«ይቆጣል! እኔንማ ጣለችኝ።»

«ምን አደረግሻት?»

«መጀመሪያ ስለ ከብቶቿና ስለ ዝናቡ ጠየቅኳት። ፊቷን አዞረችብኝ። አስተማሪውም ‹ጊዜ አታባክኚ፣ ቀጥታ ሕመሟን ጠይቂ› አለኝ።»

«ከብቱን ሳይጠይቁ ሕመም ይጠየቃል እንዴ?»

«እኔስ ምን አልኩ! የኛን አገር፣ የቦርደዴን ከብት አርቢ ሴት ገና ክሊኒክ ስትገባ ‹ምንሽን ነው የሚያምሽ?› ብላት ‹ደህና ነኝ› ብላኝ ነው የምትሄደው። ከብቶቿ አልቀውባት እንቅልፍ አጥታ እንደሆነስ በምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ አሁን ምን ልታደርጊ ነው?»

«ዛሬ ድጋሚ ፈተና አለኝ። ወላሂ፣ ከከብቶቹ ነው የምጀምረው።»

«ደግማ ብትጥልሽስ?»

«ትጣለኛ! እሷ ሰላምታ ትልመድ እንጂ እኔስ አልተውም።»

እኔም የሆስፒታል ካርዴን ኪሴ ውስጥ እንደጨበጥኩ፣ ጭሮ ስደርስ ሐኪሙ ስለ ከብቶቼ ቢጠይቀኝ ምን እንደምመልስለት አሰብኩ።