የተካፈሉት ጠመንጃ

ከወረታ ወደ ይፋግ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠው ገበሬ የጠመንጃ ሰደፍ በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፏል። አጠገቡ ያሉት ቄስ ጠየቁት።

«አፈሙዙስ ልጄ?»

«ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ነው አባ። ያባታችን ውርስ ነው፣ ተካፈልነው። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም።»

«ሌባ ቢመጣስ?»

«እሱ ባፈሙዙ ያስፈራራል፣ እኔ በሰደፉ እማታለሁ።»

«ወዴት ወስደኸው ነበር?»

«ላስመዘግበው ፖሊስ ዘንድ። ምክትል አዛዡ አዲሱን የመሣሪያ ሕግ ረቂቅ አልወደዱትም፤ ግማሽ ጠመንጃ የሚጻፍበት ቦታ የለውም አሉ። አዛዡ ግን ‹እንደናንተ ቤት ያለ ቁጥጥር የትም አላየሁ› ብለው ጨበጡኝ።»

«ተዋቸው! ይልቅ ታረቁ።»

«እናታችንም ታማ ‹ሳልሞት ታረቁልኝ› ትላለች። ለእሑድ ሽማግሌ ይዘን ነበር።»

«እሰይ!»

«አዛዡ ከለከሉ እንጂ። ‹ከታረቃችሁ ጠመንጃው ይገጠማል፤ ሕጉ እስኪጸድቅ ተኳርፋችሁ ቆዩልኝ› አሉ።»

«የእናትህን መታመም አልነገርካቸውም?»

«ነገርኋቸው። ‹እሳቸውም ትንሽ ይታገሡን› አሉ።»

የማላውቃትን ሴት እያሰብሁ፣ አንድ መስመር ያላነበብሁት ሕግ ቶሎ እንዲጸድቅ በልቤ ለእመቤቴ ተሳልሁ።