ለወንድ ልጃቸው ሽማግሌ የተላከባቸው እናት

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ከኋላ የቆማችሁም ቅረቡ። ተራራው ቢጫ በሚለብስበት በዚህ በመስከረም፣ በ1990 ዓ.ም.፣ የተለዩንን የወይዘሮ ሠርካዲስን ዜና ሕይወት ስሙ።

ወይዘሮ ሠርካዲስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበዛሽ፣ ደሴ ከተማ ተወልደው፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ አቶ ኃይሌን አግብተው አንድ ልጃቸውን ሀብቱን ወለዱ። ባላቸው በጊዜ ሲያርፉባቸው ልጃቸውን ይዘው በሱዳን በኩል አሜሪካ፣ ዴንቨር ገቡና፣ ካፒቶል ሂል በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ሆቴል አልጋ እያነጠፉ አሳደጉት። በልጃቸው ይቀኑ ነበር፤ ምን ይደበቃል! አስተማሪው ስታቅፈው ሲያዩ እንኳ ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር።

ሀብቱ አድጎ ተራራው ላይ ካለች ትንሽ ከተማ ሥራ ያዘ፤ እዚያም ግሌን ከሚባል በረዶ ጠራጊ ጋር ተዋደዱ። አዎ፣ ግሌን ወንድ ነው። ሐሜቱ ሲበዛ ሀብቱ በከተማው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ራሱ ተናገረ፤ ገሚሱ ሰላምታ ነሳው፣ ገሚሱ እጁን ጨበጠው። ለእናቱ ግን ፈርቶ ሳይነግራቸው ቆየ።

ግሌን በሀብቱ አገር ሽማግሌ እንደሚላክ ሰምቶ ኖሮ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ባለባርኔጣ ሽማግሌ ጎረቤቶቹን አስከትሎ ወይዘሮ ሠርካዲስ በኋላ ወደ ተዛወሩበት ወደ አውሮራ ከች አለ። የእሳቸው ጎረቤት ኑኃሚን ሳቋን እየዋጠች አስተረጎመች። ወይዘሮ ሠርካዲስ የተቆጡት ግን በሌላ ነው፦ «ተራራ ሙሉ ሰው ያወቀውን እኔ እናቱ ዛሬ ልስማ? ደግሞስ ጠያቂው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ይመጣል? ሂዱ፣ ተመካክረን እንነግራችኋለን!»

በወጋችን ይህ እምቢታ አይደለም። ግን ከማን ጋር ሊመካከሩ? ከቅናታቸው ጋር ነው እንጂ። ሽማግሌዎቹ በበረዶ ተመልሰው ቢመጡም ሌላ ቀጠሮ ተሰጣቸው። ሀብቱም «እማዬ፣ ከእንግዲህ ያለ እሱ አልመጣም» ቢላቸው፣ «ሴት ብታመጣም እንዲሁ ነበር የምጠላት!» አሉት። እሱም ቀረ።

ዘንድሮ ታመው ሕመሙ ሲጠናባቸው ሀብቱ መጣ፤ ሽማግሌዎቹም ሊጠይቋቸው ተከትለው ገቡ፣ ግሌን ግን መኪና ውስጥ ቀረ። በመስኮት አይተው «ያ ሰውዬ ውጭ ምን ይሠራል? ጥሩት» አሉ። ሲገባም እጁን ይዘው፣ «ሰጥቼሃለሁ። እሁድ ግን የእኔ ነው፤ ደግሞ ከእኔ አብልጠህ እንዳትወደው» አሉት። ግሌን በኑኃሚን በኩል «እሱን እንኳ ቃል አልገባልዎትም» ብሎ መለሰ። ፊታቸውን አኮሳትረው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ እጁን ግን አልለቀቁም።

ወይዘሮ ሠርካዲስ በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ትናንት ጠዋት አረፉ። ሐዘን የሚቀመጡት ልጃቸው ሀብቱና ግሌን ናቸው፤ ሁለቱንም አጽናኑ። ከዚያ ወደ ተራራቸው ይመለሳሉ፤ ቤቱን ኑኃሚን ትጠብቃለች። ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን።