ከጋቢ ላይ የማይለቅ ቤተ መንግሥት

እትዬ ጠጅቱ፣ ቤተ መንግሥት ከጋቢ ላይ በምን ይለቃል? ውይ፣ እንደምን አደሩ እንኳ ሳልል... ጥሩ ፀሐይ ወጣ ዛሬ፤ ልብስ ላጠበ ሰው ልደታ እንዲህ ስትሆን ነው። እኔማ ይኸው በሳሙናም በእንዶድም ሦስቴ አጠብኩት፤ ያ ሐምራዊ ዓምድ ንቅንቅ አይልም። ከመድረኩ ላይ ግን በአንድ ካፊያ ነው የወረደው። ታዲያ ይህ ጥበብ አይደለም ይላሉ?

የሠዓሊው መስኮት ክፍት ነው እንዴ?... ይሁን፣ ሰው ሲመሰገን ቢሰማ ምን ይጎዳዋል።

የኪነት ቡድናችን ሠዓሊ መጀመሪያ ያሳየን ወረቀት እኮ... ደብተር የምታህል። ያንን ቤተ መንግሥት፣ የባላባቱን ግንብ፣ በውሃ ቀለም ሲስለው፣ ጭጋጉ ከወረቀቱ ላይ የሚነሣ ነው የሚመስለው። ገና በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለየሁት እኔ እንኳ ቆሜ ሳየው ብርድ ብርድ አለኝ። ከዚያ የቀበሌው ሴቶች ጋቢያችንን አውጥተን፣ አንድ ላይ ሰፍተን፣ የመድረክ መጋረጃ አድርገን ግንቡን እንዲስልበት ስንሰጠው፣ "ቀለሙ ዝናብ ይችላል ወይ?" ያለ አለ? የተማረ ሰው እንዲህ ይጠየቃል? መድረኩ ሜዳ ላይ፣ ቀኑ መስከረም ሁለት፣ የአብዮት በዓል... በመስከረም እንደሚዘንብ ደግሞ ከየት ይወቅ? መጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ነው የሚውለው።

በትያትሩ ባላባቱን የሚጫወተው ሸዋንግዛው ገና "ጭሰኛዬ" ከማለቱ ግንቡ አናቱ ላይ ፈሰሰ። ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፣ ምስኪን። ሕዝቡ አጨበጨበ። የቀበሌው ሊቀመንበርም "የፊውዳል ሥርዓት ሲፈርስ በዓይናችን አየን" አሉ። ያኔ የእኛ ሠዓሊ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወጥቶ እጅ ነሣ። ትሕትናው... የዝናቡን ሥራ እንኳ ለብቻው ተሸከመው።

ዛሬ ጧት ደግሞ መጣ። ለከፍተኛው፣ ከቀበሌው በላይ ላሉት፣ ሊያሳይ ነውና ጋቢ አምጪ አለኝ። የቀረኝ አንድ ነው፣ የሰርጌ። ያ ቀለም የነካው የልጄ የወይንሀረግ መታቀፊያ ነበር፤ አሁን በእሱ ስጠቀልላት ጉንጯ ሐምራዊ ይሆናል፤ ሳሉም አልተዋትም። እምቢ ብል "ለአብዮቱ ጋቢ ነፈገች" ቢሉኝስ? ብሰጠውስ ልጄን በምን ልሸፍናት? እሱም ያሳዝነኛል ደግሞ... የከፍተኛው አዳራሽ ቆርቆሮ አለው። ያለ ዝናብ ግንቡን ማን ሊያፈርስለት ነው?

እስቲ ይምከሩኝ እትዬ። ጋቢዬን ልስጠው፣ ወይስ ምርቃት ብቻ ይበቃዋል? እኔስ "እግዜር ልፋትህን ይቁጠርልህ፣ ስምህም ትዳርህም እንደ ቀለምህ ይጽናልህ" ልለው አስቤ ነበር።