ድምፁ የእሳቸው፣ ቃሉ የሌላ

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በሬዲዮ ልብ ወለድ ሲተርኩ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መልካቸውን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ መንገደኛው ገፍቷቸው ያልፋል። አፋቸውን የከፈቱ እንደሆነ ግን የታክሲው ተሳፋሪ ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። ቅጽል ስማቸውም «ባለ ድምፁ» ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የደም ግፊት መድኃኒታቸው አልቆ ፋርማሲ ገቡ። «እንደ ወትሮው የአንድ ወር ስጪኝ» ከማለታቸው፣ ከኋላቸው ተራ የያዘች ጥቁር የለበሰች ወጣት ክው ብላ ቀረች። እጇ ላይ ያልተከፈቱ የኢንሱሊን፣ የስኳር ሕመም መርፌ፣ ብልቃጦች ነበሩ፤ ለሌላ ሕመምተኛ ይሁኑ ብላ ልትመልሳቸው ነው የመጣችው።

«እርስዎ ነዎት?» አለች።

አድናቂ መሰለቻቸውና ፈገግ አሉ። «እኔው ነኝ ልጄ። ትረካዬን ትሰሚ ነበር?»

«እናቴ ነበረች የምትሰማው። ከቀበርናት ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኗ ነው።»

«ነፍሷን ይማር! ምን አገኛት?»

«እርስዎ።»

ሽማግሌው መድኃኒታቸውን ሳይቀበሉ ተከትለዋት ወጡ። ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡና ለእናቷ የተላከውን የድምፅ መልእክት ከስልኳ ከፈተችላቸው። ከውስጡ የራሳቸው ድምፅ፣ ያ ወፍራሙና ርጋታ የሞላበት ድምፅ፣ «መርፌው ሰውነትሽን እየጨረሰው ነው። ተይው። ይልቅስ ይህን ዱቄት በሞቀ ውሃ ጠጪ» ሲል ሰሙ።

«ይህን እኔ አላልሁም!» ብለው ተነሡ።

«አሁን አውቄአለሁ፤ ድምፅዎን አስመስሎ የሚናገር መሣሪያ ነው እንጂ እርስዎ አላሉም። እናቴ ግን ይህን በምን ትወቅ? ሐኪሟ ቢቆጣት፣ እኔ ባለቅስ አልሰማችንም። ‹እሱ ዋሽቶኝ አያውቅም› አለችና መርፌዋን አቆመች። በአሥራ አንደኛው ቀን ራሷን ስታ ወደቀች።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ትሑት የሆኑ ወጣቶች መጥተው፣ «ድምፅዎ ለትውልድ ይቀመጥ» ብለው ስድስት ቀን ሙሉ ልዩ ልዩ ጽሑፍ ሲያስነብቧቸው ነበር። በመጨረሻም ወረቀት አቀረቡላቸው። ባለ ድምፁ የሰው ድርሰት ሲያነቡ የኖሩ ሰው፣ የራሳቸውን ውል ሳያነቡ ፈረሙ።

ወጣቲቱ በሙያዋ የሕግ አርቃቂ ናት። «የፊታችን ሐሙስ፣» አለች፣ «የሰውን ድምፅ፣ መልክና ምስጢር ስለሚጠብቅ ረቂቅ ሕግ ሕዝባዊ ውይይት አለ። መጥተው ይናገሩልን።»

ባለ ድምፁ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንባቢ ሆይ፣ ለመፍረድ አትቸኩል፤ እምቢታቸው ምክንያት ነበረው።

«ልጄ፣ ኀዘንሽ ኀዘኔ ነው። ሕግ የሚባለውን ግን አታንሺብኝ። እኔ በሳንሱር ዘመን የሠራሁ ሰው ነኝ። አንድ ሹም ከትረካዬ ላይ ‹ጨለመ› የሚለውን ቃል በቀይ ሰረዘና ‹መንግሥት ጨለመ ማለትህ ነው› አለኝ። ‹ኧረ ጌታዬ፣ ፀሐይ ጠልቃ ነው!› ብል ማን ሰምቶኝ? እሱስ ይሳቅበት። ድርሰቱን የጻፈው ጓደኛዬ ግን ሦስት ዓመት ታስሮ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ብዕር ሳይጨብጥ ሞተ። ዛሬ ለእኛ ብላችሁ የምትፈትሉት ገመድ ነገ የደራሲ ማነቂያ ይሆናል።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ። ግን ያ ሹም ምን ነበር የከለከለዎት?»

«መናገር ነዋ።»

«ድምፅዎን ወስደው ለዱቄት ሻጭ የሰጡት እነዚህስ?»

ባለ ድምፁ ዐይናቸውን ወደ ስልኩ መለሱ።

«ሹሙ ሊሉ ያሰቡትን አስቀረ፤ እነዚህ ያላሰቡትን አስባሉዎት። ሁለቱም አፍዎን ነጠቁ። ታዲያ አፍ የሚዘጋውና ነጣቂን የሚይዘው፣ ሁለቱም ሕግ ስለተባሉ ግብራቸው አንድ ነው?»

«የሚያስፈጽመውስ ያው ሹም አይደለም እንዴ?»

«ለዚህ እኮ ነው የምለምንዎ! ሳንሱር የለበለበው ሰው ከሌለበት፣ ያልተለበለበው እንዳሻው ይጽፈዋል።»

«መሣሪያውንስ ልትሰብሩት ነው? ማይክራፎን ሲመጣም የመድረክ ተዋንያን ‹ጥበብ ሞተች› ብለው አልቅሰዋል። እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ነው።»

«ማን ይሰብረዋል? በስትሮክ አንደበቷ የተዘጋ ጎረቤት አለችኝ። ዛሬ በዚሁ መሣሪያ፣ በገዛ ድምፅዋ ከልጆቿ ጋር ታወራለች። ልዩነቱ እሷ መፍቀዷ ነው።»

ሽማግሌው አልተረቱም፤ ክርክር ለምደዋል። ወጣቲቱ ግን ስልኩን መልሳ አነሣች። «መጀመሪያውን አላሰማሁዎትም» አለች።

ድምፁ እናቲቱን በስሟ ጠራት። «የግራ እግርሽ ቁስል እንዴት ዋለ? ልጅሽስ ዛሬም ሥራ በዝቶባት ብቻሽን ዋልሽ?» አላት።

ሽማግሌው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይህን ማን ነገራቸው?»

«ራሷ። የስኳሯን መጠን የምትመዘግብበት የስልክ መተግበሪያ ነበራት። ቁስሏንም፣ ብቸኝነቷንም፣ ለእኔ ያልነገረችኝን ሁሉ ለእሱ ጻፈች። የመተግበሪያው ባለቤቶችም ምስጢሯን ለዱቄት ሻጮቹ አሳልፈው ሸጡባት።»

ባለ ድምፁ ስልኩን ከእጇ ተቀብለው አጠፉት። ከዚያ፣ «ሠላሳ አራት ዓመት ስተርክ፣» አሉ፣ «ሰው በጓዳው ብቻውን ሆኖ እንደሚሰማኝ አውቅ ነበር። ደጁን ከፍቼ ገብቼ ግን አላውቅም። ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?»

ሐሙስ ተገኙ። አዳራሹ ፊት ያንን ቅጂ ራሳቸው አሰሙና፣ «ይህ እኔ አይደለሁም፤ የገደለው ግን እኔን ተማምኖ ነው» አሉ። ደግሞም አንድ አንቀጽ ካልገባ አልወርድም ብለው መድረኩ ላይ ቆሙ፦ ማንም ሹም ድርሰትን ሳይታተም፣ ትረካን ሳይሰማ አስቀድሞ እንዳይመረምር።

ሕጉ ከነአንቀጹ በሰባተኛው ወር ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሰው ድምፅም መልክም ለምን እንደሚውል በግልጽ ተነግሮት ባለቤቱ ካልፈቀደ አይወሰድም፤ የፈቀደም ሲከፋው ፈቃዱን ያነሣል። ማሽን የሠራው ድምፅ ማሽን መሆኑን አስቀድሞ ይናገራል። የሕመምተኛ ምስጢር አይሸጥም። ወጣት ተራኪዎች ዛሬ ውላቸውን አንብበው ይፈርማሉ፤ ጥበባቸውም አልደረቀችም። ይሁን እንጂ ሕግ የሞተ አያስነሣም። እስኪወጣ ድረስ ሌሎች አራት ሰዎች መርፌያቸውን ትተው አልፈዋል። ዱቄት ሻጮቹም እስከ ዛሬ አልተያዙም።

በኋላ አንድ ሆስፒታል፣ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን እንዳይተዉ በአካል መጥተው ይምከሩልን ብሎ ባለ ድምፁን ጠራቸው። የስኳር ሕሙማን ክፍል ገብተው «እንዴት ዋላችሁ?» ሲሉ፣ ጥግ ላይ የተኙ፣ ግራ እግራቸው የተቆረጠ አሮጊት ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፈኑ።

«መርፌዬን አስተውኸኝ፣ ደግሞ መጣህብኝ?» አሉ።

ባለ ድምፁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉላቸው። አሮጊቷ ብዙ ካመነቱ በኋላ ያዙት፤ የሽማግሌውን የእጅ አንጓ በጣታቸው ጫን አድርገው የደም ሥራቸውን ትርታ ሲያዳምጡ ቆዩ።

«ይኼኛውስ ሰው ነው፤» አሉ በመጨረሻ። «እሺ፣ አሁን ተናገር።»